የእማማ አማረች አፈር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የወጣቶች እግር ኳስ ክለባችንን ታሪክ ለኮሚቴው አነበብኩ። ለምሥረታው በዓል በሚወጣው መጽሔት ላይ የሚታተም ነው። ስለ ሜዳችን እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦ «ቦታው እማማ አማረች የሸክላ አፈር የሚቆፍሩበት ነበር። ልጆቹ ይጫወቱበት ብለው ለቀቁት።»

ሊቀመንበሩ እዚህ ላይ አቋረጠኝ።

«ተው እንጂ! ከኅብረተሰቡ የተበረከተ በለው። ከቦዲቲ ድረስ የሚመጣው ደጋፊ ምን ይላል?»

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሁላችንም «ሸክላ ሠሪ ቤት እንዳትበሉ» እየተባልን ነው ያደግነው። እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ከእነሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን እንዘምራለን። እኔም ስማቸውን ሰረዝኩት። በገዛ እጄ!

ወደ ቤት ስመለስ እማማ አማረች ሶዶ ገበያ ዳር እንስራና ድስት ደርድረው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ታሪኩን ጨረስክ? እኔንስ አስገባኸኝ?»

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

መረቁኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ልጆች ሳለን ከጨዋታ በኋላ ውሃ የሚያጠጡን እሳቸው ነበሩ። እናቴ በኩባያቸው እንዳልጠጣ ስለከለከለችኝ መዳፎቼን ገጥሜ እዘረጋ ነበር። ምክንያቱን አያውቁብኝም ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የማስበው። አሁን ትዝ ሲለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ኩባያ አቅርበውልኝ አያውቁም። መዳፌን እስክዘረጋ ጠብቀው ነበር የሚያፈሱልኝ።