የተሸጠው ቁም ሣጥን

ለተወደድኸው ወንድሜ ለፊሽል፣
ሞንቴቪዴዮ።

ይህን ብዕር ያነሣሁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እኅታችን ዚስል በፖሊስ ፊት ቃሏን እንድትሰጥ ስለ ተጠራች፣ ምድር ቤት የምትኖረው ኖርዌያዊት የሚስዮን ነርስ ሲስተር ጉድሩንም ከአገር ለመባረር ስለ ተቃረበች፣ ለሁለቱም ሊደርስላቸው የሚችለው ደግሞ በእጅህ የጻፍኸው ምስክርነት ስለ ሆነ ነው። ሆኖም ጉዳይ ሰላምታን አይቀድምምና አስቀድሜ እጠይቅሃለሁ፦ እንደምን ከርመሃል? ባሕር ስትሻገር የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ልጅህ ፔርላ፣ ባለቤቷ፣ ሕፃናቱ ደኅና ናቸው? በዚያ አገር ለፋሲካችን በዓል የሚሆን ቂጣ እንደ ልብ ይገኛል? እኔ ጉልበቴ ደረጃውን እየረገመ ይወጣል እንጂ ለክፉ አልሰጠኝም። ዚስልን እንደሆነ ታውቃታለህ፤ የጤንነቷ ምልክት ክርክር ነው፤ በዚህም መለኪያ ሰሞኑን እጅግ ደኅና ናት።

በዚህ ዓመት ሥራ ላይ ስለ ዋለው ሕግ በጋዜጣ ሳታነብ አልቀረህም። ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሰጠ እስከ አምስት ዓመት፣ የተቀበለም እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል። እኔ ሕጉ እንዲወጣ ከፈረሙት አንዱ ነኝ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። በተወለድንበት በቪዥኒትሳ በረሀቡ ዘመን ለድኾች ልጆች ጫማ እየሰጡ ወደ ጸሎት ቤታቸው የወሰዷቸውን ሰዎች አልረሳሁም። ነፍስ በጫማ አይለወጥም። ይህን የምነግርህ፣ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ ወንድሜ አርጅቶ ልቡ ላልቷል እንዳትል ነው።

አባታችን በፋሲካ በአይሁድ ቤት ሊገኝ የማይፈቀደውን፣ እርሾ ያለበትን እህል ሁሉ ከበዓሉ በፊት እንዴት ይሸጥ እንደ ነበር ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሳለህ። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲሸጥለት ለረቢው አደራ ሲሰጥ፣ እሱ ግን አይሁዳዊ ላልሆነው ጎረቤቱ፣ ለውሃ ቀጂው፣ ራሱ ይሸጥ ነበር። ቀብድ ይቀበላል፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ያስረክባል፣ በዓሉ ሲያልፍም ቀብዱን መልሶ ቁልፉን ይረከባል። «የምንሸጠው የእውነት ነው፤ እግዚአብሔርን በጨዋታ አታታልሉት» ይል ነበር። አንተም ልማዱን እዚህ ሃይፋ አምጥተህ፣ በሕንፃችን ውስጥ አይሁዳዊት ያልሆነች ሲስተር ጉድሩን ብቻ ስለ ሆነች፣ ለእሷ ስትሸጥ ኖርህ። ዘንድሮ አንተ የለህምና እኔ ለረቢው እንስጥ አልሁ። ዚስል ግን «አባባ ያልረገጠውን የረቢ ደረጃ እኔ ልውጣ? ጉልበትህ ቢያምህ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ።

ጨረሰችውም፤ ነገር ግን በአባታችን ልማድ ሁለት ምስክሮች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ እንደ ነበር ዘነጋች። በዋዜማው ጠዋት ሲስተር ጉድሩንን ደረጃ ላይ አግኝታ፣ «በሉ፣ ያለኝን ሁሉ ሸጬልዎታለሁ፤ ቁልፉን ይያዙ፣ ቀብዱን ይስጡኝ፤ ቶሎ ይበሉ፣ ሾርባዬ ሊያርርብኝ ነው» አለቻት። ነርሷም ጥቂት ሊራ አውጥታ በእጇ አኖረችላት። ይህን ያየ ብቸኛው ምስክር አንተ ከሄድህ ወዲህ ከላያችን የገባው አቶ ፒኔስ ነው። ሰውየው ሚስዮናውያንን በሚከታተል ማኅበር ውስጥ አለበት። ክፉ ሰው አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ እኅቱን መነኮሳት ደብቀው አትርፈዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ወገኖቿ አልተመለሰችም። ሚስዮናዊት በአሮጊት እጅ ገንዘብ ስታኖር፣ አሮጊቷም «ያለኝን ሁሉ» ስትል ሲሰማ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

በበዓሉ አጋማሽ ሃምሳ አለቃ ቡስኪላ የሚባል የሞሮኮ ልጅ መጣ። ፒኔስም ተከትሎት ገባ። ሃምሳ አለቃው፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚስዮን ስጦታ አለ ተብሏልና ክፈቱልኝ አለ። ዚስል እጇን አጣምራ «ልጄ፣ የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቷ ምድር ቤት አለችልህ» አለችው። «እማማ፣ ቤቱ የእርስዎ አይደለም እንዴ?» ቢላት፣ «ቤቱ የእኔ ነው፤ ቁም ሣጥኑ እስከ በዓሉ ማለቂያ የእሷ ነው። እናትህ ይህን ሳታስተምርህ ነው ፖሊስ የሆንኸው?» ብላ መለሰችለት። ፒኔስ «ይኸው፣ የሚስዮን ንብረት ቤቷ እንዳለ በራሷ አፍ ተናገረች» አለ። ሲስተር ጉድሩን ተጠርታ መጣች፤ ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላዋለች። እሷም አልከፍትም አለች፤ እርሾው በበዓል በዚስል ዐይን ፊት እንዳይታይ ቃል ገብታለችና። ሃምሳ አለቃው ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ፣ «እኔ ይህን ብሰብር እናቴ ለከርሞው በዓል ከቤቷ አታስገባኝም» አለና በቁም ሣጥኑ በር ላይ የማሸጊያ ወረቀት ለጥፎ፣ ፈርሞበት ሄደ።

በዓሉና ሰንበቱ ካለፉ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሁላችን ባለንበት ሲስተር ጉድሩን ከፈተችው። ዱቄት፣ ገብስ፣ ማካሮኒ፣ የአንተ የተረሳ የአረቄ ጠርሙስ ወጣ። ከሁሉ በታች ደግሞ የክርስቲያኖች ወንጌል ወጣ። ፒኔስ «እጅ ከፍንጅ» አለ። ዚስል ግን ነቅነቅ አላለችም። «አዎን፣ እሷው ናት ባለፈው ክረምት የሰጠችኝ። በበዓል ቤቴ እንዲያድር ስላልወደድሁ ከማካሮኒው ጋር መልሼ ሸጥሁላት» አለች። ቡስኪላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ሳቁን አልደበቀለትም። ሲስተር ጉድሩን «ከማካሮኒው ጋር?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ሳቅ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሃምሳ አለቃው የሰማውን ጽፎ ወደ በላዮቹ አስተላልፏል። የነርሷም የመኖሪያ ፈቃድ ሊታደስ ሲል በዚህ ነገር ቆሟል። በየዓመቱ በዚህ ቤት ገንዘብ ሰጥተሻል ወይ ብለው ቢጠይቋት፣ «አዎን፣ በየዓመቱ» ብላለች፤ መዋሸት አታውቅም። ቀብዱን ይቀበልና ይመልስ የነበረው ግን አንተ ነህ፤ ከአንተ በቀር ይህን የሚያስረዳ የለም።

ፒኔስን በደረጃው ላይ አግኝቼ ክሱን እንዲያነሣ ለምኜው ነበር። «አንተማ የስብከት ወረቀታቸውን የምታርም ሰው ነህ» አለኝ። እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲስተር ጉድሩን በቤቴ በር ሥር ያስገባችልኝን ወረቀት ስሕተቱን በቀይ አስምሬ መልሼላት፣ እሷም አርማ አሳተመችው። ስሕተት የማንም ቢሆን ስሕተት ነው አልሁት። ሕጉንም የፈረምሁት ነፍስ እንዳይገዛበት እንጂ በሐሰት ሰው እንዲያዝበት አይደለም ስለው፣ «ያንተን እኅት አልወሰዱብህም» አለኝና በሩን ዘጋ።

ስለዚህ ፊሽል፣ እውነቱን ብቻ ጻፍ፤ አታሳምረው። አልሰበከችም አትበል፤ ሰብካለች። መርፌ ስትወጋህ እንኳ ስለ ክርስቶስ ትነግርህ ነበር፤ አንተም ሱሪህን እንደ ያዝህ ትከራከራት ነበር። ሕጉ የሚከለክለው መስበክን ሳይሆን መግዛትን ነው። በዚህ ቤት የገዛችው እርሾአችንን ብቻ መሆኑን፣ እሱንም በየዓመቱ መመለሷን መስክር።

ለፔርላና ለባለቤቷ፣ ለሕፃናቱም አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዚስል ጉንጮቻቸውን ሳምልኝ ብላለች። ሲስተር ጉድሩንም ስለ ሳልህ ጠይቃለች፤ ምስክርነቱን ግን አልለመነችም፤ የለመንሁህ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዚስል የክረምት ካልሲና ፎጣ በትንሽ ሻንጣ አስገብታ ከበሩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ በዚያ በክፉው የጦርነት ዘመን፣ አይሁድ ሲጋዝ፣ እስኪወስዱን ስንጠብቅ፣ እንዳስቀመጠችው። በገዛ መንግሥታችን እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም አልኋት። «እሱን ሻንጣውን ስፈታ ትነግረኛለህ» አለችኝ። በጉዳዩ ላይ የሚወሰነው ከፋሲካ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ከሚውለው ከሰባቱ ሱባዔ በዓል በኋላ ነው። የበዓሉ ዋዜማ ሰንበት ስለሚሆን፣ ፊርማህ ያለበት መልስ እስከ ዐርብ ጁን 9 ቀን በእጄ ይግባ። ሻንጣው እስከዚያ በሩ ሥር ይቆያል።

ታላቅ ወንድምህ
ናፍታሊ

ሃይፋ፣ ማክሰኞ፣ ኒሳን 25 ቀን 5738 (ሜይ 2 ቀን 1978)