በጋቢ ጫፍ የመጣው ፍላሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንዳወቅ፣

በባሕር ዳሩ ውድድር አዳራሽ መብራቱ ተቀንሶ ሥራችን ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ ዓይኔ የሄደው ወደ ላይኛው መስመር ነው። እዚያ ስሜን በገዛ እጄ ጽፌው ነበር። የለም። ያንተ ስም ብቻውን ቆሟል። በስሕተት ሌላ ፋይል ከፍቶ ይሆናል ብዬ ገና ምክንያት ስፈልግልህ፣ ከመድረኩ ላይ «ያምሮት የምትባል የክፍሌ ልጅም በጽሕፈት አግዛኛለች» አልህ። በጽሕፈት!

ከዚያ አንዱ ዳኛ «ይህ የኮድ ማስተካከያ ፕሮግራም በጥቅስ ውስጥ ያለውን የሰው ንግግር እንዳይነካ በምን ያውቃል?» ብለው ጠየቁህ። እንደ ፈተና ሰሞን ዞረህ እኔን አየኸኝ። እኔም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ከተቀመጥሁበት ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ነገርሁህ። «ጥቅስ ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ አትንካ የሚል ሕግ አውጥቼለታለሁ» አልሃቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ «ጎበዝ ልጅ ነው አይደል?» አለችኝ። ጎበዝ ነው አልኋት። ሌላ ምን እላታለሁ?

አንተ አሁን ለሰው የምትነግረው ሌላ ስለሆነ፣ ሥራው ምን እንደነበር እኔ ላስታውስህ። የኮሌጃችን መምህርት እህተ ማርያም ለጀማሪ ተማሪዎች በአማርኛ ቃላት የሚጻፍ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ። የተማሪው ኮድ ግን ጎርፍ የሄደበት ማሳ ይመስል ነበር። የተዝረከረከ ኮድ የሚያሰልፍ፣ ክፍተቱን የሚያስተካክል ፕሮግራም ለሌሎች ቋንቋዎች ድሮም አለ፤ የኛን ግን አያውቅም። የቱ ቃል ትእዛዝ እንደሆነ፣ ምን እንደሚከፍትና ምን እንደሚዘጋ፣ የቱ ለማሽኑ የተጻፈ፣ የቱ ደግሞ ተማሪው ለራሱ የተወው ማስታወሻ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያን ሁሉ ሕግ አንድ በአንድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንተም ምንም አልሠራህም አልልም፤ እውነት ለጠላትም ይገባል። ቡሬ፣ በአጎትህ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከጎናችን ያለው የበርበሬ ወፍጮ ሲነሣ ሁለታችንም እያስነጠስን፣ የተማሪዎቹን ኮድ ታነብልኝ ነበር። ዲያቆን የነበርህ ልጅ አይደለህ? «ቁጥሩ ከአሥር ቢበልጥ፣ ይህን ድገም» የሚለውን እንደ ምንባብ ታዜመዋለህ። አጎትህ ከውጭ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ቅዳሴ ገብታችኋል ወይስ ሥራ?» ይላሉ። አንድ ተማሪ እኔ ያላሰብሁትን አጻጻፍ አምጥቶ ሕጌን ሲያፈርስብኝ እናደዳለሁ፤ አንተ «ቻይው እንጂ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ሥርዓት የለውም» ትለኛለህ። በዚያ ድምፅ ነው የወደድሁህ። እስካሁን ኮድ በከፈትሁ ቁጥር በጆሮዬ የሚያዜመው እሱ ነው፤ ምን ብዬ ላስወጣው?

የአንድ ለአምስታችን መሪ ስለነበርህ በየስብሰባው የምትናገረው አንተ ነበርህ። እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ትናገራለህ። አልከፋኝም። አንድ ቤት ልንገባ ነው ብዬ አስብ ነበርና፣ የቤታችን አፍ አንተ ብትሆን ምን ቸገረኝ?

ከባሕር ዳር በኋላ ስልክህን ጠበቅሁ። ግንቦት ሙሉውን ጠበቅሁ። ክልሉ ሥራውን ወስዶ ለኮሌጆች ሊያከፋፍለው እንደሆነና አንተንም ሊቀጥርህ እንዳሰበ ከሰው ሰማሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎችህ ግቢያችን ደረሱ፤ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤልና ጎረቤታችሁ አያ ደርበው። እናቴ ወንበር አወጣች። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ነበርሁ። ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? ለኔ ብሎ ሰው ላከ፣ ለኔ ብሎ መሪጌታን የሚያህል ሰው በጭቃ አስመጣ አልሁ። ሁሉንም ይቅር ብዬህ ነበር፤ አፍ አውጥቼ ለመናገር ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ልጃችን አጥፍቷል» አሉ መሪጌታ። «ጥፋቱንም አምኗል። እርቅ ፈልገን ነው የመጣነው።»

ወጣሁና ጉልበታቸውን ስሜ «መሪጌታ፣ ጥፋቱ ምንድን ነው አለዎት?» አልኋቸው።

«በሰው ፊት አስከፍቻታለሁ ነው ያለኝ።»

«ሥራዋን በስሜ አድርጌዋለሁ አላለዎትም?»

«ልጄ፣ በባልና በሚስት መካከል የኔ ያንተ ይባላል? ሆድ ይፍጀው በይ።»

«ገና ባል አልሆነም፣ መሪጌታ» አለች እናቴ።

አያ ደርበው የዋህ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው የጋቢያቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። «በሉ እንዳልረሳው» አሉ፤ «ይቺንም ስጡልኝ ብሏል። የተጻፈው ነገር እየተደባለቀ አስቸግሮኛል፣ እሷ ታውቀዋለች፣ እስከ ማክሰኞ ይድረስልኝ ብሏል።» ከቋጠሮው ውስጥ ፍላሽ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

ፍላሹን ለእናቴ አሳየኋት።

«እንዴ!» አለች እናቴ። «ለሽምግልና ነው ወይስ ለጥገና የመጣችሁት?»

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። «ይህን ለኔ አልነገረኝም» አሉ፤ አያ ደርበውንም ሳያዩ «እግዜር ይስጥልን፣ እንሂድ» ብለው ወጡ። አያ ደርበው ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው «መልእክት ነው እኮ! መልእክት ማድረስ ነውር ነው እንዴ?» እያሉ ተከተሏቸው። ያሳዘኑኝ እሳቸው ናቸው። በሽበታቸው ነገድህ።

ፍላሹን ከፈትሁት። መጀመሪያ የፈለግሁት ለኔ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር። «እንዴት ነሽ» የምትል ትሁን፣ ምንም ትሁን። የለም። የኔው ፋይል ነው፣ ስምህን ተሸክሞ፤ ከሥሩም የተበላሹ የተማሪ ኮዶች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት፤ ባሕር ዳር አላለቀስሁም ነበር።

ምን እንደተበላሸም ወዲያው አየሁት። ስሜ የነበረበትን አናት ጠርገህ ስታወጣ፣ ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ሕግ አብረህ ጠርገኸዋል፤ ማስታወሻ ምን እንደሆነ የሚናገረውን። ስለዚህ ማስተካከያው ተማሪው ለራሱ የጻፈውን ሁሉ ትእዛዝ እየመሰለው ይቆራርጠዋል። አንዷ ልጅ «ይህ ቦታ አልገባኝም፣ ነገ እጠይቃለሁ» ብላ ጽፋ ነበር፤ አራት ቦታ ሰባብሮታል። አንድ መስመር ብመልስ ይድናል። አንተ ግን ሕጎቹን አንብበሃቸው ስለማታውቅ የጎደለውን አላየኸውም።

መስመሩን አልመለስሁልህም። ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ሄጄ ሙሉውን ሥራዬን ለመምህርት እህተ ማርያም ሰጠሁ፤ ሰኔ ሳይወጣ ለተማሪዎቹ ይደርሳል። የባሕር ዳሩንም እንዳለ ነገርኋቸው። «እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ። ስለምወደው ነው ብዬ መመለስ አፈርሁና ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ለክልሉ ቢሮም የሆነውን በራሳቸው እጅ ይጽፉለታል። ቅጥርህ ቢቀር የኔን እጅ አትርገም።

ፍላሽህን በአያ ደርበው እጅ አልክም፤ ሁለተኛ አላዋርዳቸውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ፤ እንደመጣ ነው፣ ምንም አልነካሁበትም።

ረሳሁህ ብዬ አልዋሽህም። ቡሬ መናኸሪያ ስደርስ ዓይኔ አሁንም ይፈልግህ ይሆናል፤ ዓይን ነውና ይፈልግ። ግን ከእንግዲህ ለደከምሁበት ሥራ «አግዛኛለች» መባልን አልቀበልም። ጥፋቱን በስሙ የማይጠራ እርቅ፣ ካህን ቢያመጣው ታቦት ቢያጅበው፣ አልቀበልም። ሲጎድልህ ብቻ የሚያስታውሰኝን ፍቅርም፣ ብቻዬን አረጅ እንደሆነ ላርጅ እንጂ፣ አልቀበልም።

ያምሮት ቢያድግልኝ