ለራፕ አባቶች ሙዚየም ሊቀመንበር፤ ስለ ሎርኔት ጊብስ

ለክቡር አቶ ሮስኮ ቴይት
የራፕ አባቶች ሙዚየም የቦርድ ሊቀመንበር
ብሮንክስ

ክቡር ሆይ፣

ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነሙሉ ጥርስዎና ከነወርቅ ሰንሰለትዎ እንደሚገኙ ተስፋ በማድረግ ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ቬርዴል ፕሩት እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ የሰፈርዎ ሴት ነኝ።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። አሥራ ሁለት አባቶችን በአንድ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ራፕን ያለ አንዲት እናት መውለድዎ ሐኪሞችንም ሳያስደንቅ አይቀርም።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ በመግቢያው ፎቶ ላይ ከጎንዎ ማይክ የያዘችው ልጅ «ስሟ ያልታወቀ አድናቂ» ተብላለች። ሎርኔት ጊብስ ትባላለች። የዛሬ አርባ አምስት ዓመት በትምህርት ቤቱ ሜዳ በግጥም ስትገጥምዎ፣ «ሮስኮዬ፣ ማይኩን ስጠኝና ሂድ፤ እናትህ ለእራት ጠርታሃለች» ብላዎት ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ስለፈረሰ፣ ስሟ እንዴት እንደጠፋብዎ ግራ ገብቶኛል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ሸክላዎን ግጥም እሷ ናት የጻፈችው። «ልለማመድበት» ብለው ወሰዱት። ሲቀዱት ግን ከመቸኮልዎ የተነሳ «ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጉትቻዬን አውልቄ» የሚለውን ስንኝ እንኳ ሳይቀይሩ በዚያ ወፍራም ድምፅዎ ማለትዎን እስካሁን አደንቃለሁ። ሎርኔት ግጥሟን ይዛ ስቱዲዮ ብትሄድ «የሮስኮን ሰርቀሽ ነው የመጣሽው» ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሳንባዋም እዚያው ቀረ።

ሦስተኛውን ቁጥር ትቼ እንዲሁ ልንገርዎ። ሙዚየሙ የተመረቀ ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር፣ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ እንዳለ፣ እየገፋሁ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የፈለገችው ከፎቶው ሥር ስሟ እንዲጻፍ ብቻ ነበር። እርስዎም በትሕትና ጎንበስ ብለው ራሷን ዳበሱና «የኔ ቆንጆ፣ ከጨፋሪዎቹ አንዷ ነበርሽ እንዴ?» አሏት።

«አይደለሁም ሮስኮ፤ አንተን ሳስጨፍርህ የነበርኩ ነኝ» አለችዎ። ይህን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ መተንፈስ ነበረባት። እርስዎ ግን በሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ወደ ካሜራዎቹ ዞረው ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ለቀብሯ ስለላኩት አበባ ከልብ አመሰግናለሁ። «ለውድ አድናቂያችን» ይል ነበር። አበባው የሚያምር ስለነበር የቀደድኩት ካርዱን ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ስምዎን እስኪረሳ የሚያደርስ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ቬርዴል ፕሩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በየመድረኩ «የአባቷ ልጅ» እየተባለች የምትወደሰው ልጅዎ ታሚካ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ሎርኔት ዘንድ ራፕ ስትማር ነው ያደገችው። ከአባትሽ ለምን አትማሪም ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «ሞክሬ ነበር እኮ አክስቴ፤ አባዬ አይችልም» አለችኝ።