በ«ጐ» ቦታ ስለ ገባው የበግ ጆሮ

ለተከበሩ አቶ ገሠሠ፣
የመንጋ ምልክት መዝገብ አሳታሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

የተከበሩ ሆይ፤ የደባርቅ ብርድ ጉልበትዎን ሳይዳስስ፣ የስብሰባው ብዛትም ድምፅዎን ሳይዘጋ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ማመልከቻና ውል እየተየብኩ የምኖረው ማንያዘዋል ነኝ። መዝገቡ በተመረቀበት ቀን ከመጨረሻው ረድፍ በሩ ሥር ስላስቀመጡኝ፣ ንጹሕ አየር ስላልጎደለብኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በአደባባይ የምጽፍልዎም ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ብቻ ነው።

1. ስለ ድካሜ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በአምባራስና በአካባቢው እያንዳንዱ ገበሬ የበጉን ጆሮ የሚቀድበት የራሱ ምልክት አለው፤ በግ ጠፍቶ ገበያ ላይ ሲገኝ ባለቤቱ የሚለየው በዚያ ነው። ኮሚቴዎ ምልክቶቹ በመጽሐፍ ይታተሙ ብሎ በ2003 ዓ.ም. ሲወስን፣ ከቤት ቤት ዞሬ ሠላሳ አራቱን በእርሳስ የሣልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ውሾች ነክሰውኛል፤ በሪፖርትዎ ላይ «ያለ ችግር ተጠናቀቀ» የሚለውን በማንበቤ ግን ቁስሉ ወዲያው ዳነልኝ።

ከዚያም ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ፎንት ውስጥ፣ ብዙ የማልጠቀምባቸውን ፊደላት እያወጣሁ በቦታቸው ጆሮዎቹን አስገባሁ። የወይዘሮ ወርቄ ምልክት «ጐ» ቦታ ላይ ገባ፤ እኔ ጎንደርን በ«ጎ» ስለምጽፍ አይጎዳኝም ብዬ ነበር። ፎንቱን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የሚሸጠው መሆኑን፣ እኔ ግን ከጓደኛዬ በፍላሽ የቀዳሁት መሆኑን አልደብቅም። በእርስዎ ቢሮ ኮምፒውተርም ላይ ያንኑ ጫንኩልዎ፤ «ጎበዝ» አሉኝ እንጂ ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቁኝም።

2. ወይዘሪት ሊድያን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ከጎንደር ተምራ የመጣች የኅትመት ባለሙያ ናት። ስትገባ ኮሚቴው በሙሉ ብድግ አለ፤ እኔ ስገባ አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ ያውቃል፣ እርሱም መስኮት ሊዘጋ። የሁለት ክረምት ሥራዬን ለዐሥር ደቂቃ አየችና፣

«ጋሼ ማንያዘዋል፣ የፎንቱ የአጠቃቀም ፈቃድ ከፍቶ መቀየርን ይከለክላል። ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ያልተነካው ፎንት ካለው፣ ጆሮው ጠፍቶ ‹ጐ› ይታተማል» አለችኝ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ይህን ሥራ የጀመርኩት» አልኳት። እርስዎም ስለቸኮሉ ሃምሳ የሙከራ ቅጂ አሳተሙ። የሆነው እንዳለችው ነው።

3. ወይዘሮ ወርቄ ልትወልድ የተቃረበች በጓ ጠፍታ በደባርቅ ገበያ ሌላ ሰው እጅ ላይ አገኘቻት። ሽማግሌው አባ ድረስ ከሙከራ ቅጂዎቹ አንዱን አስመጡ፤ በስሟ አንጻር ያለው «ጐ» ነው። «ልጄ፣ ይህ ፊደል ነው እንጂ ጆሮ አይደለም» ብለው በጓን ለያዘው ሰው ሰጡት።

ወርቄ ቤቴ ድረስ መጣች። አልጮኸችብኝም። «ስትሥለው ደጄ ላይ ተቀምጠህ ነበር፤ መጥተህ መስክርልኝ» ብቻ አለችኝ። የእርሳሱን ወረቀት ይዤ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት። አባ ድረስ ወረቀቱን ከጆሮው ጋር አስተያዩና በጓን መለሱላት። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ፤ ኮሚቴዎን ወክሎ የመጣ ሰው ስላልነበረ የሚጋራኝ አላገኘሁም።

4. ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሊድያ ፎንቱን ለሚሸጠው ድርጅት ጽፋ ጠይቃ ኖሮ፣ «ፊደላችንን ሳትነኩ ግዙ፤ ምልክቶቹን ለብቻቸው በሌላ ፎንት አዘጋጅታችሁ ጎን ለጎን ተጠቀሙ» ብለዋታል። ከዚያ በፊት ግን ክፍሌ ድረስ መጥታ የስምምነት ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ «ሥዕሎቹ የእርስዎ ናቸው፤ ካልፈቀዱልኝ አልነካቸውም» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ «አስብበታለሁ» ብዬ መለስኳት፤ ማሰብ ሳይሆን ቅናት ነበር። ከወርቄ ነገር በኋላ ፈረምኩ። የጠየቅሁት «ምልክቶቹን የሣለው ማንያዘዋል ያየህ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነው። ሊድያ አስገባቻት። እርስዎ «ለቦታ ጥበት» ብለው አወጧት፤ በምትኩም ሙሉ ገጽ ፎቶግራፍዎን ስላበረከቱልን እናመሰግናለን።

በምረቃው ቀን ሊድያን «የሰው ሥራ በማክበሯ» በምስክር ወረቀት ሸለሟት። ወረቀቱ የተጻፈው በቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ በጫንኩልዎ ፎንት ስለሆነ፣ «ጐንደር» በሚለው ስም መጀመሪያ ላይ የወርቄ በግ ጆሮ ተገትሮ ነበር። ሊድያ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ እስከ በሩ ድረስ መጥታ «ይህ የእርስዎ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ልጅቱ በሰላም ቀንቼባት እንዳልኖር እንኳ ከለከለችኝ፤ ስለዚህ ቅናቴን በሙሉ ወደ እርስዎ ወንበር አዙሬዋለሁ።

ለስብሰባዎ ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ ቀለም እየተመኘሁ፣ ከበሩ ሥር ሆኜ እጅ የምነሣ፣

ማንያዘዋል ያየህ
ደባርቅ፣ ሰኔ 2006 ዓ.ም.

በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በፈረምኩት ወረቀት ላይ ስሜ ካልወጣ ፈቃዱ ይፈርሳል ይላል፤ ሊድያም ይህን ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቃለች። ላስቸግርዎ ስለማልፈልግ፣ በተመረቀው መጽሐፍ አምስት መቶ ቅጂ ላይ ስሜን በእጄ ልጽፍ ተዘጋጅቻለሁ። መጽሐፉን ገልጬ ገልጬ ሰፊና ባዶ ሆኖ ያገኘሁት የእርስዎን ግንባር ብቻ ነው። እባክዎ ይፍቀዱልኝ፤ ያለ ፈቃድ የሰው ነገር መንካት ትቻለሁ።