በወንዙ ዳር መስክ ላይ የተማለው መሐላ

መስከረም 12
የወይን ለቀማ ጀመርን። ወንድሜ ሎሪንጽ ሲያሾፍብኝ ዋለ። "መነኮሳቱ ማንበብ አስተማሩህ፣ ቢላ መያዝ ማስተማሩን ግን ረሱ!" ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምሳ ላይ ግን ትልቁን የአሳማ ሥጋ ለእኔ አነሳልኝ። አድርጎት አያውቅም... ምን ፈልጎ ይሆን?

መስከረም 14
ምክንያቱ ወጣ! ጎረቤታችን ፖሻ የዛላ ወንዝ ዳር መስክ የእኔ ነው ብሎ ከሶናል። የንጉሡ ዳኞች ከእኛ ቤት አንድ ሰው በአፈሩ ይማል ብለዋል። ባዶ እግሩን፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ የመስኩን ጓል አናቱ ላይ ይዞ... በሐሰት የማለ ዓመቱን ሳይጨርስ ይቀበራል ይባላል።
"አንተ ማልልን" አለኝ ሎሪንጽ።
"የቤቱ ጌታ አንተ አይደለህ እንዴ ጋሼ?"
"ወገቤን አሞኛል።"
ትናንት ፈረስ ሲጋልብ አልነበር?

መስከረም 17
እናቴን ጠየቅኋት። "ታላቅህ ያለህን አድርግ" ብላ ፊቷን አዞረች። እሷም ታውቃለች? ወይስ እኔ ነኝ ሁሉን የምጠረጥረው? መስኩ ከሄደ ለከብቶቹ የክረምት ድርቆሽ የለንም። ገብቶኛል። ግን ለምን እኔ?

መስከረም 19
የድንበሩን ጉብታ ቆፈርኩት። ድንበር ሲበጅ ከጉብታው ሥር ከሰል ይቀበራል፤ ከሰል አይበሰብስማ። ክንዴ እስኪጠልቅ ቆፈርኩ... ምንም የለም። ሰማንያ እርምጃ ወደ ቤታችን ተመልሼ፣ አፈሩ ጎርበጥ ያለበት ቦታ ሞከርኩ። እጄ በከሰል ጠቆረ።
መስኩን ለመውሰድ ጉብታውን ወደ ፖሻ አዛውሮታል! ወንድሜ ሌባ ነው። አፈርኩበት።

መስከረም 20
ነገርኩት። አልካደም። "ማን ቆፍር አለህ? ሳታውቅ ብትምል ምንም አትሆንም ነበር" አለኝ። ውለታ የዋለልኝ ይመስል!

መስከረም 23
ጉድጓዱ ውስጥ ቆምኩ። አፈሩ አንገቴ ውስጥ እየገባ "ይህ መሬት የፖሻ ነው" አልኩ። ዳኛው ሁለቴ አስደገመኝ። ፖሻ ራሱ አላመነኝም። "እናንተ ወንድማማቾች ደግሞ ምን ተንኮል አሰባችሁ?"
ሎሪንጽ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ወደ ቤት ጋለበ።
ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቀድሞኝ ነግሯታል።
"ከዛሬ ጀምሮ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው" አለች።
የትኛው? ልጠይቃት ብል ፈራሁ።