የአባባ «ኦኬ»

ውድ እትዬ፣

«የቀረቻቸውን አንዲት ቃል አስወሰድክባቸው! እሺ ማለታቸውን በምን አወቅህ?» ብለሽ ስልኩን ከዘጋሽብኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ያኔ መልስ አላገኘሁም። አሁንም ያገኘሁ አይመስለኝም፤ ያየሁትን ግን ልጻፍልሽ።

አባባ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ «ኦኬ» ብቻ እንደቀረቻቸው ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ በእሷ ምን ያህል እንደተናገሩ ነው። ውሃ ሲጠማቸው ኦኬ። መጋረጃው ይዘጋ ለማለት ኦኬ። የእማማን ፎቶ ሳሳያቸው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ኦኬ። ነርሷ መርፌ ስትወጋቸው «ኦኬ! ኦኬ!» ብለው ጮኹ።

«እኚህ አባት እንዴት ደግ ናቸው፣ ሁሉን እሺ!» አለች።

«ኧረ እህቴ፣ እየሰደቡሽ ነው» አልኳት።

አባባ ሳቁ። በግማሽ ፊታቸው።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ። ቀዶ ጥገናው ካልተደረገ ደሙ እንደገና ሊፈስ ይችላል። ከተደረገ ደግሞ ያቺም ቃል ልትሄድ ትችላለች።

«ይስማማሉ አባቴ?»

«ኦኬ» አሉ ወዲያው።

የስምምነቱን ወረቀት ሰጠኝ፤ እስክሪብቶውን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለመጋረጃም ኦኬ፣ ለስድብም ኦኬ። ይህችን በምን ልመናት?

ብየዳ ቤቱን ታስታውሻለሽ? አባባ የውሃ ታንከሮቹን ሲፈትሹ፣ የተበየደውን በመዶሻ ሁለቴ መታ መታ አድርገው፣ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። በያጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ነው በጠመኔ «ኦኬ» የሚጽፉት። ሳያዳምጡ ጽፈው አያውቁም።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ቃሏም ልትሄድ ትችላለች እኮ።»

ደህናው እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ። የአልጋውን ብረት በጣታቸው አንጓ ሁለቴ አንኳኩ። ራሳቸውን ወደ ብረቱ አዘነበሉ። አዳመጡ። ረጅም ጊዜ። ሐኪሙ እንኳ ሰዓቱን ማየት ተወ። ምን እንደሰሙ አላውቅም፤ እኔ ግን እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«ኦኬ።»

ፈረምኩ።

ቃሏ ሄደች። አባባ ግን በሕይወት አሉ። ትናንት ምሳ ሳጎርሳቸው ድንገት ደረቴን ሁለቴ አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ በያጆቹ ትንፋሼን ያዝኩ። የሚሉት ነገር የለም። ጆሯቸውን ግን አላነሱም።

ብትቆጪኝ ይገባኛል። ብቻ ነይ። ምንም አትበያቸው፤ አጠገባቸው ቁጭ በይና ያንኳኩሽ።

ትንፋሹን እንደያዘ ያለው
ታናሽሽ