ሁለት ምላጭ ለአንድ ፊት

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከሰዓት።

እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ ምላጭ ገዛሁ። ለአባቴ ጢም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

በሱቁ በር ደጋግሜ አለፍኩ። ሰው እስኪወጣ ብዬ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። በመጨረሻ ገባሁና ምላጭ አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ባለሱቁ የትኛውን አለኝ። የትኛውን? ምላጭ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። እርሳስ የምቀርጽበት፣ ስፌት የምፈታበት። ለካ ዓይነት አለው። በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሰማያዊ የተጠቀለለ። "ምነው፣ ጢም አበቀልሽ እንዴ?" አለ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ለእጄ የቀረበውን ሰማያዊውን ይዤ ወጣሁ። ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

ለምን እንደገዛሁ ልጻፍ። አባቴ ግንበኛ ነው። ነበር። አምና ኅዳር 21 እናቴ ሞተች። እሱም እንደ አገሩ ወንድ ጢሙን ለሐዘን ተወው። አርባዋ ሲወጣ ሊላጭ ነበር። አርባዋ ሳይወጣ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ጤ/ጣቢያ ስትሮክ ነው አሉ። እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱም በቀኝ በኩል ወረደ። ከአፉ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ይናገራል፣ ግን ቃሉን እየጎተተ።

ጢሙ እንዲሁ አደገ። ሊጠይቁት የሚመጡ ሁሉ ያደንቁታል። ባል እንዲህ ነው፣ ዓመት ሙሉ ሐዘኑን አላወረደም ይላሉ። እሱ አንገቱን ይደፋል። እጁ እንቢ ስላለው ብቻ መሆኑን እሱና እኔ እናውቃለን።

ትናንት ድንገት ተናገረ። ለሙት ዓመቷ ቤ/ክ መግባት ይፈልጋል። እሷ ወደተቀበረችበት፣ ሚካኤል። ከታመመ ወዲህ ከደጃችን አልወጣም። የሚገባው ደግሞ ተላጭቶ ነው። "እናትሽ በጢም አታውቀኝም" አለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ አያ ሞላ ይምጡ ብዬው ነበር። አልፈለገም። ምራቁን ሰው እንዲያይበት አይፈልግም። አያ ሞላ ደግሞ እየላጩ ያወራሉ፤ ዛሬ የነኩትን ጉንጭ ነገ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ እኔ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ።

አልሆነም።

የአባቴ መላጫ ብረት ነው፣ ከባድ፣ እጀታው ሲዞር አናቱ የሚፈታ። ምላጩ እንዴት እንደሚገባ አባቴ በግራ እጁ አሳየኝ። መጀመሪያ በመቀስ አሳጠርኩለት። ከዚያ ሳሙና።

ሰማያዊው አይቆርጥም፤ ይነቅላል። ግራ ጉንጩ ላይ ገና ሳሳርፈው ጭንቅላቱን መለሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግራው ብቻ። በኽምጣና፣ በእናት ቋንቋው፣ አንድ ነገር ተናገረና ወዲያው አማተበ። ያለውን አልጽፍም። እናቴ ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሳሙናውም የልብስ። አላውቅማ። አሁን ጉንጩ በሙሉ ሽፍታ ሆኗል። ጢሙም እዚህ የታጨደ፣ እዚያ የቀረ። ወፍ እንደበላው የማሽላ ማሳ። ሰው ሲመጣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ይሳባል። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ።

ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። ቀዩን ጠየቅኩ። ባለሱቁ ጢምሽ ጠነከረ ማለት ነው አለ። ዛሬ ግን አልሸሸሁም። ወለሉን እያየሁ እስኪሰጠኝ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ በራሴ ክንድ ሞከርኩት። በአንዱ በኩል ሰማያዊውን፣ በሌላው ቀዩን። ሰማያዊው ይጎትታል፣ ይንጫጫል። ቀዩ ምንም አይልም። ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስታዪው ፀጉሩ የለም። ለብ ባለ ውሃ ደግሞ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሁሉም ይቀላል። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ደስ አለኝ። ለማን ልንገር? ላንቺ።

የእናቴ እህት፣ አክስቴ ብርቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ዕቃ ሳጥብ ክንዴን አየችው። ደግሞ ይሄ ምንድን ነው፣ ማንን ለማማለል ነው አለች። እጅጌዬን አወረድኩ። እውነቱን ከምታውቅ ይህንኑ ታስብ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። 10 ሰዓት።

ተላጨ!

ቀዩ ምላጭ። ለብ ያለ ውሃ። የገላ ሳሙና። ግራ ጉንጩን ከውስጥ በምላሱ ወጠረልኝ። አትጫኚ አለኝ፤ መዶሻ አይጫኑትም፣ በክብደቱ ነው የሚወርደው። ለቀቅ አደረግኩት። ወረደ። ቀኙ ደግሞ ይበልጥ ቀለለኝ። አይሸሽም፣ አያማርርም። ፈጠን አልኩ። ትንሽ ደም ወጣ። ጨርቅ ያዝኩበት፣ ቆመ። እሱ አላወቀም እንኳ።

አገጩ ላይ ስርጉድ አለችው። ረስቻት ነበር። እዚያው ቁጭ ብላ ኖራለች።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እግርህን ሞክረው አልኩት። እሺ አለ። እሺ አለ!

ኅዳር 12፣ ዓርብ።

አልገባም።

እስከ ደጁ ደህና ደረስን። እየተደገፈኝ፣ እያረፈ። እዚያ ነጠላውን መስቀለኛ ላጣፋለት ስል ጠርዙ ቀኝ ጉንጩን ጠረገው። የትናንቱ ቁስል ተከፈተ። የሚወስደው ኪኒን ደም ያቀጥናል፤ ከተከፈተ ቶሎ አይረጋም። እሱ አልተሰማውም። ቀኙ ነዋ። እየሳቀ ነበር፣ በግማሽ አፉ፣ ሰላም ለሚሉት ሁሉ።

አንዲት ሴትዮ፣ ልጄ፣ አባትሽ እየደሙ ነው አለችኝ። በቀስታ ነው ያለችው። ግን ሰው ዞረ። እሱ ነጠላውን አየ። ጉንጩን ዳበሰ። ጣቱን አየ።

ደም የሚፈሰው ሰው አይገባም። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ራሱ ተመለሰ።

ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያን ቅጥር ከካቡት አንዱ እሱ ነው። ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። ቅዳሴው እዚህም ይሰማል አልኩት። ምን ዓይነት ነገር ነው የተናገርኩት?

ሰው ሲወጣ አያ ሞላ በኛ በኩል መጡ። አሁን ለአገር ሊያወሩት ነው። ጎንበስ ብለው ጉንጩን አዩ፤ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው፣ ወዲህ ወዲያ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንቺ እጅ ነው?" መሬት መሬት አየሁ። "ግራው ጥሩ ነው። በግራውስ ደንበኞቼን ትወስጅብኛለሽ" አሉ። አባቴን እግዜር ይማርህ ብለውት ሄዱ። ሌላ ምንም አላሉም።

እየተደገፈኝ፣ እያረፈ ተመለስን።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ።

አክስቴ ሰምታ መጣች። አሁን የክንዴም ነገር ገባት። "በአባቷ ጉሮሮ ላይ ምላጭ የምታሳርፍ ሴት ልጅ የት አገር አይተሻል?" አለች። ደሙ እኮ ተዉ ሲላችሁ ነው። ጢሙን ተይለት፣ እህቴን ያከበረበት ነው። ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ፤ ግን በሌላ ምክንያት።

አባቴ ሁሉንም ሰማ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሄደች በኋላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። አልሄድም። በጢምም ሆነ ያለ ጢም።

መላጫውን በጨርቅ ጠቅልዬ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከተትኩት። አዝኛለሁ። አይ፣ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም። በእጄ መሰለኝ።

ሙት ዓመቷ እሑድ ሳምንት ነው። እሱ ከሌለ ማን ይቆምላታል?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ።

ግራው ጥሩ ነው። የአያ ሞላ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለምን ግራው ብቻ? እጁ አንድ፣ ምላጩ አንድ፣ ውሃው አንድ።

ውሃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ ገባኝ። ጀሪካኑን አውርጄ ቆምኩ።

ግራው ያመዋል። ስለሚያመው ይነግረኛል። ትንሽ ከተጫንኩ ቅንድቡ ይነሳል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ። ቀኙ አይነግረኝም። ቀዩ ምላጭም አይናገርም። ዝም ያለ ጉንጭ፣ ዝም ያለ ምላጭ። ደግሞ እኔ።

ሰማያዊው ግን ይጎትታል! እሱ ባይሰማው የኔ እጅ ይሰማዋል። ሲከብደኝ አቆማለሁ። ሲንጫጫ አነሳለሁ። ቀኙ መነቀሉን አያውቅም፤ አያመውም። መጥፎ ያልኩት ምላጭ ለቀኙ መልካም ነው። ለግራው ቀዩ፣ ለቀኙ ሰማያዊው። አባቴ አሁን ሁለት ፊት አለው፤ እኔ እንደ አንድ ነበር የምላጨው።

ነገርኩት። ግድግዳውን ያያል። እኔም እንደዚህ ብዙ ተናግሬ አላውቅም፤ እየተንተባተብኩ ደገምኩለት። ቆይቶ፣ ግን ቀኙ ረግቧል አለ። የረገበ ነገር ላይ ብረት አይሄድም። ግድግዳ ከጀርባው ደጋፊ ካጣ ያብጣል። "ከውስጥ ደግፊው" አለኝ።

ዞሮ ነው የተናገረው። ወደ እኔ ዞሮ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ።

ቀኙን ብቻ ሞከርን። ሰማያዊው ምላጭ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ የሾርባ ማንኪያ። ማንኪያውን አፉ ውስጥ አስገብቼ በጀርባው ጉንጩን ወደ ውጭ ገፋሁት። ተወጠረ። ትንሽ ትንሽ። ሲጎትት አቆማለሁ፣ ሳሙና እጨምራለሁ፣ እቀጥላለሁ። ዘገየ። እግሬ ደነዘዘ።

ምራቁ በማንኪያው ወርዶ እጄ ላይ ፈሰሰ። ፊቱን ሊያዞር ሲል በቀሚሴ ጠረግኩትና ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ አላዞረም።

ደም የለም። ደጋግሜ በነጭ ጨርቅ አየሁ። የለም።

ቁጭ ብለን ሳለ አባቴ ብቻውን ሳቀ። ምን ሆንክ አልኩት። "ሞላ ሳያወራ ሄደ እኮ። አሞት ይሆን?" አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ከእናቴ ወዲህ በዚህ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም። ወዲያው ፈራሁ፤ ሐዘን ላይ ነን።

እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። ቅዳሜ እናያለን አለ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት።

ሁለቱንም። ግራውን በቀዩ፣ ቀኙን በሰማያዊው። አንድ ጠብታ ደም የለም።

አክስቴ ለነገው ዝክር የጾም ወጥ ልትሠራ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ማንኪያውን ተቀብላኝ አጠበችው።

አባቴ መስታወት ጠየቀ። የእናቴን ትንሿን አመጣሁለት። መጀመሪያ ግራውን አየ። ከዚያ ቀኙን፣ የወረደውን። ከታመመ ጀምሮ መስታወት አይቶ አያውቅም፤ እኔም አቅርቤለት አላውቅም። ብዙ ቆየ። "ግማሹን ታውቀዋለች" አለ። "ግማሹን ትላመደዋለች።"

ነገ ይሄዳል።

የሚቀጥለው ላንቺ ብቻ ነው፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። ነገ ከደጁ ማለፍ አልችልም። ከደጁ እስከ ቤተ መቅደሱ ደግሞ ደረጃ አለ፣ ብቻውን አይወጣውም። ቀኝ ክንዱ እኔ ነኝ። አክስቴም በሴቶች በኩል ነው የምትገባው። ይህ ሁሉ ቀን፣ ይህ ሁሉ ምላጭ፣ ደሙ ከሱ ሄዶ እኔ ጋ መጣ። አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

ይህ ለአባት እንዴት ይነገራል? ነገ እስከ ደጁ ብቻ ነው የማደርስህ አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አየኝ። አልጠየቀኝም። ግራ እጁን አንስቶ ሻሼ ላይ አሳረፈ። ከባድ እጅ ነው፣ የድንጋይ እጅ።

"ውጭም ይሰማል" አለኝ።

ነገ ማልጄ እነሳለሁ። ነጠላውን እዚሁ ቤት፣ በግራ በኩል አጣፋለታለሁ፤ ቀኝ ጉንጩን ምንም አይነካውም። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ አያ ሞላ ቤት እወርዳለሁ። በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልልም። አንኳኳለሁ። ሲከፍቱልኝ መሬት አላይም። አያ ሞላ፣ አባቴን ከደጁ ተቀብለው ያስገቡልኝ እላለሁ። ድምፄ ካልተሰማ እደግመዋለሁ።